ሥዕሉ፣ መጽሐፉና ድንጋዩ

በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ፣ የባህል ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ግድግዳ ላይ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሥዕል ተሰቅሎ ይታያል። ሥዕሉ በሸራ ወይም በብራና ላይ የተሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ በ44 ትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል። እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች፤ ከሰሎሞን ትፀንሳለች፤ ልጇ አድጎ አባቱን ይጎበኛል፤ በመጨረሻም ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ይመጣል።

አንድ ቀን አንዲት የበርበሬ ነጋዴ ከእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ቆሙ። እኚህ እናት ማንበብ የተማሩት ልጆቻቸውን ካሳደጉ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበቡና ባለሱቁን ጠየቁት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ነገር የት ነው የተጻፈው?»

«እንዴ እማማ! መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነዋ!»

«እንግዲያው ቤቴ ገብቼ አየዋለሁ።»

ማታ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10ን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ንግሥቲቱን አገኟት፤ ልጁን ግን አላገኙትም። ታዲያ ልጁ የት ሄደ? እስቲ እኛም አብረናቸው እንፈልግ።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ይላል?

በመጽሐፍ ቅዱስ እንደተጻፈው፣ የሳባ ንግሥት የሰሎሞንን ዝና ሰማች። ሽቱ፣ ወርቅና ዕንቁ በግመል አስጭና መጣች። በእንቆቅልሽ ፈተነችው። 120 መክሊት ወርቅ ሰጠችው። እሱም የጠየቀችውን ሁሉ ሰጣት፤ ከዚያም ወደ አገሯ ተመለሰች። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ስሟ አልተጠቀሰም። ልጅ ወለደች የሚል ቃልም የለም።

ልጁ የተጻፈው የት ነው?

ማክዳ የሚለው ስምና ኋላ ምኒልክ ተብሎ የታወቀው ልጅ ታሪክ የሚገኙት ክብረ ነገሥት በተባለው የግእዝ መጽሐፍ ነው። የመርካቶ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለዋል፦ በዚህ መጽሐፍ የሰሎሞንን ወሬ ለንግሥቲቱ ያመጣላት ታምሪን የሚባል ባለብዙ ግመል ነጋዴ ነው።

መጽሐፉ በግእዝ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ከዐረብኛ የመለሱት ይስሐቅ የተባሉ የአክሱም ሊቅና ጓደኞቻቸው መሆናቸው በመጨረሻው ገጽ ተጽፏል። ሰሎሞን የነገሠው ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ነው ይባላል። አስሉት እንግዲህ፤ በሁለቱ መካከል ከ2,200 ዓመት በላይ አለ።

ድንጋይ ምን ይመሰክራል?

በመርካቶ ወርቅ የሚገዛ ሰው በወሬ ብቻ አይገዛም፤ ያስፈትናል፣ ያስመዝናል። የታሪክ ተመራማሪም እንዲሁ ያደርጋል። ከሚዛኖቹ አንዱ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነው።

የእስራኤልን ስም የሚጠራው ከሁሉ የቀደመው ታዋቂ ጽሑፍ የግብፁ ፈርዖን የመርነፕታ ሐውልት ነው። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1208 ዓመት ይደርሳል። በሰሜን እስራኤል፣ ቴል ዳን በተባለ ስፍራ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. «ቤተ ዳዊት» የሚል ቃል ያለበት ድንጋይ ተገኝቷል። ሰሎሞን ከሞተ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም የዘመተው ሺሻቅም በግብፅ ድንጋይ ላይ ይታወቃል፤ ፈርዖን ቀዳማዊ ሸሾንቅ ነው። የዘመተባቸውን ከተሞች ዝርዝር በካርናክ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አስቀርጿል።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ንጉሥ የተባለው ቲርሐቅስ? እሱም እውነተኛ ንጉሥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ690 እስከ 664 በግብፅና በኩሽ ላይ ነገሠ። መቃብሩ በዛሬዋ ሱዳን፣ ኑሪ በተባለ ስፍራ ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ አገሩ «ኩሽ» ይባላል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም የመጣው ከግሪኩ ትርጉም ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያ የሚለውን ስናነብ፣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በዓባይ ወንዝ ዳር ስለነበረው ስለ ኩሽ መንግሥት መሆኑን ልብ እንበል።

ወደ አገራችን ድንጋዮች እንመለስ። የይሓ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። በዚያ አካባቢ በሳባውያን ፊደል የተቀረጹ ጽሑፎች ተገኝተዋል። በአንዳንዶቹ ላይ የአገሩ ገዥዎች ራሳቸውን የደአማትና የሳባ ገዥ ብለው ይጠራሉ። እንግዲያው አገራችን ከሳባ ጋር የነበራት ግንኙነት ባዶ ተረት አይደለም። ሆኖም እነዚህ ድንጋዮች ስለ ሰሎሞን የሚሉት ነገር የለም።

በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱሙ ኢዛናም በግእዝ፣ በሳባውያን ፊደልና በግሪክ ድል ያደረገባቸውን ዘመቻዎች አስቀርጿል። በመጀመሪያ ራሱን የመሕረም ልጅ ይል ነበር፤ መሕረም የጥንቱ አክሱማውያን አምላክ ነው። ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ድሉን ያገኘው በሰማይ ጌታ ኃይል መሆኑን ጻፈ። የአባቱን ስም ይጠራል፤ የሰሎሞንን ግን አይጠራም።

ታሪኩ ምን ሥራ ሠራ?

በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት ጥሎ ነገሠ። ክብረ ነገሥት በግእዝ የወጣው ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በመጨረሻው ገጹ፣ መጽሐፉ በዛጉዌ ዘመን ሳይተረጎም የቀረው ነገሥታቱ ከእስራኤል ወገን ስላልነበሩ ነው ይላል። እንግዲህ መጽሐፉ ማን ይንገሥ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ አገልግሏል ማለት ነው። በስሙ የሚጠሩትን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያቆመልን ንጉሥ ላሊበላ ግን ከዛጉዌ ወገን ነበር።

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ብዙ መጻሕፍት ሲወስድ አንድ ክብረ ነገሥትም አብሮ ሄደ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ደብዳቤ ጽፈው ይመለስልኝ አሉ። ምክንያታቸውም ያለዚህ መጽሐፍ ሕዝቤ አይታዘዘኝም የሚል ነበር። መጽሐፉ ተመለሰላቸው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 2፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘር ሐረግ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ይል ነበር። ይህ ሕግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋኑ ጋር ወደቀ። በግድግዳ ላይ የምናየው ታሪክ ለረጅም ዘመን ማን እንደሚገዛና ማን እንደሚገዛለት ሲወስን ኖሯል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

እኚያ እናት በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመለሱ።

«እህ እማማ፣ አገኙት?»

«ግማሹን አገኘሁት። ግማሹ ሌላ መጽሐፍ ላይ ነው።»

«ታዲያ ሥዕሉ ውሸት ነው ሊሉኝ ነው?»

«እኔ ውሸት አላልኩም! የቱ የት እንደተጻፈ ለይተህ ንገረን ነው የምልህ።»

መልካም ብለዋል። ክብረ ነገሥት የአገራችን ታላቅ ቅርስ ነው። የጻፉት ሰዎች ምን እንዳመኑና ምን እንደፈለጉ ያስረዳናል። የሰሎሞንን ዘመን እንዲመሰክርልን ስንጠይቀው ግን፣ ከ2,200 ዓመት በኋላ የተጻፈ መሆኑን መርሳት የለብንም። ስለዚህ ታሪክ በሰማንና ባነበብን ቁጥር፦ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ለምን ጻፈው? ብለን እንጠይቅ። ማንበብ የተማርነውም ለዚሁ ነው።

የቃላት ፍቺ

መክሊት፦ በጥንት ዘመን ወርቅና ብር የሚለካበት ከባድ ሚዛን
ሥርወ መንግሥት፦ ከአንድ ዘር እየተወራረደ የሚነግሥ ቤተሰብ
እ.ኤ.አ.፦ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሌለ፣ በክብረ ነገሥት ግን የሚገኝ ነገር ምንድን ነው?
2. አፄ ዮሐንስ መጽሐፉ እንዲመለስላቸው የፈለጉት ለምን ነበር?
3. በአካባቢያችሁ ስለ አንድ ቦታ ወይም ስለ አንድ ቤተሰብ አመጣጥ የሚነገር ታሪክ አለ? ማን፣ መቼና ለምን እንደጀመረው ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።