ፔኒሲሊን፦ የልጆቻችንን ልብ የሚጠብቅ መድኃኒት



በሲቀላም ሆነ በጨንቻ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው "ቶንሲል ነው፤ ያልፋል" ይባላል። በአገራችን እንጥል የሚያስቆርጡም አሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ የልብን በሮች (ቫልቮች) ሊያበላሽ ይችላል።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ከሻጋታ ያገኘው ፔኒሲሊን ባክቴሪያው መከላከያ ግድግዳውን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ባክቴሪያውም ፈንድቶ ይሞታል። የሰው ሴል ይህ ግድግዳ ስለሌለው አይጎዳም። በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋን ግን ፔኒሲሊን አይሠራም።

ስለዚህ፦
- ልጁን ጤና ጣቢያ እንውሰድ።
- ቢሻለውም የታዘዘለትን መድኃኒት እናስጨርስ።
- ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነ አስቀድመን እንናገር።
- የልብ በሩ የተጎዳ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ አያቋርጥ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አስተምረውናል። ሰበቡን እናድርስ፤ ሺፋ ከአላህ ነው።