ዩኒቨርሲቲ የንባብ ልማዳችንን እንዴት ይለውጠዋል?

ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ትምህርቱ ክብደት፣ ስለ ፈተናውና ስለ ውጤቱ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለና እምብዛም የማይወሳ አንድ ለውጥ ግን አለ፤ እርሱም የንባብ ልማድ ለውጥ ነው። ይህን ለውጥ በጊዜ የተረዳ ተማሪ ድካሙ ፍሬ ያፈራለታል። ያልተረዳው ግን ሌሊቱን በንባብ አንግቶም ውጤቱ ሲለጠፍ «ይህን ሁሉ አንብቤ ምን ነካኝ?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ለውጡ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚያደርስ፣ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያሳጣ እንመለከታለን።

ይዘነው የምንመጣው ልማድ

በአገራችን የንባብ ትምህርት ረጅም ታሪክ አለው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደል ከቆጠረ በኋላ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃዎች አልፎ ዳዊት ወደ መድገም ይሸጋገራል። በቁርኣን ትምህርት ቤቶችም ንባብ ድምፅ እየተሰማ በቃል የሚያዝ ነው። መጻሕፍት በብራና ላይ በእጅ በሚጻፉበትና ጥቂት በነበሩበት ዘመን ጽሑፉን ፊደል ሳይጎድል ወደ ኅሊና ማሻገር ታላቅ ጥበብ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ለአንድ የትምህርት ዓይነት አንድ መጽሐፍ ይኖራል፤ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፤ ፈተናውም ከዚያው ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ መሸምደድ ያዋጣል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ስሌቱ ይፋለሳል።

የገጹ ብዛትና የዐይን አቅም

ስናነብ ዐይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ውኃ አይፈስም። ይዘላል፤ ያርፋል፤ እንደገና ይዘላል። እያንዳንዱ ዕረፍት በአማካይ ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ፊደላቱን አንጥረን የምናየው በዕረፍቱ ጊዜ ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜም ዐይናችን ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ይመለከታል። ይህ የአነባበባችን ተፈጥሯዊ ገደብ በመሆኑ «በደቂቃ ሺህ ቃላት አንብቡ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን በጥርጣሬ ማየት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ማርክ ብሪስባርት የተባሉ ቤልጅየማዊ ተመራማሪ 190 ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ትንታኔ መሠረት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍ በለሆሳስ የሚያነብ ጎልማሳ በደቂቃ በአማካይ 238 ቃላት ያነባል። እስቲ እናስላው። 600 ገጽ ያለው፣ በየገጹ 400 ቃላት የያዘ መጽሐፍ 240,000 ቃላት ይኖሩታል። ይህን በተጠቀሰው ፍጥነት ለማንበብ 17 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። አምስት ኮርስ ለያዘ ተማሪ 85 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ቀመር ለመፍታት የሚቆምበት ጊዜ ሳይታሰብ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ ፍጥነቱ ከዚህም ይቀንሳል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈለገም አልፈለገ መምረጥ ይማራል፤ ማውጫውን፣ የምዕራፉን ማጠቃለያና ሥዕላዊ መግለጫዎችን አስቀድሞ አይቶ ጊዜውን የት እንደሚያውል ይወስናል።

ስሕተቱ በመስመሮቹ መካከል ነው

ሁለተኛው ለውጥ ከፍጥነት ይልቅ ጥልቀትን ይመለከታል። የሚከተለውን ስሌት እንመልከት።

ሀ = ለ ይሁን።
ሁለቱንም ወገን በሀ ስናባዛ፦ ሀ² = ሀለ
ከሁለቱም ወገን ለ² ስንቀንስ፦ ሀ² − ለ² = ሀለ − ለ²
ስንዘረዝረው፦ (ሀ − ለ)(ሀ + ለ) = ለ(ሀ − ለ)
ሁለቱንም ወገን በ(ሀ − ለ) ስናካፍል፦ ሀ + ለ = ለ
ሀ ከለ ጋር እኩል ስለሆነ፦ 2ለ = ለ፤ ስለዚህ 2 = 1።

መስመሮቹን ለየብቻ ያነበበ ተማሪ ጥፋቱን ላያገኘው ይችላል። ችግሩ ያለው ከአራተኛው መስመር ወደ አምስተኛው በተሻገርንበት እርምጃ ላይ ነው። ሀ ከለ ጋር እኩል ከሆነ (ሀ − ለ) ዜሮ ነው፤ በዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ማቲው ኢንግሊስና ላራ አልኮክ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች የሒሳብ ሊቃውንትና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሒሳብ ማረጋገጫዎችን ሲያነቡ የዐይናቸውን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ተማሪዎቹ ከሊቃውንቱ ይልቅ ብዙ ጊዜያቸውን በቀመሮቹ ላይ አሳለፉ። የሊቃውንቱ ዐይን ግን ከመስመር ወደ መስመር ደጋግሞ ይመላለስ ነበር፤ «ይህ ከዚያ እንዴት ተገኘ?» እንደ ማለት ነው። የሳይንስ ትምህርት ቀስ በቀስ የሚያስተምረን ይህንኑ ምልልስ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ሰዓት መቆየት የስንፍና ምልክት እንዳልሆነም እንረዳለን።

ከመሸምደድ ወደ መጠየቅ

ብዙዎቻችን ያነበብነውን ደጋግመን ማንበብን እንደ ጥናት እንቆጥረዋለን። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ይህን ፈትነውታል። አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜያት ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስት ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ።

ከዚህ የምንረዳው ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜትን እንጂ ዕውቀትን እንደማያዘልቅ ነው። ለፈተና ዋዜማ የሚደረግ ጥድፊያ ለነገ ጠዋት ይበቃ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ግን ስንቅ አይሆንም።

የምርምር ጽሑፍ ሲመጣ

በከፍተኛ ዓመታት ተማሪው ከመማሪያ መጽሐፍ ወደ ምርምር ጽሑፍ ይሸጋገራል። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁሩ ኤስ. ኬሻቭ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት የሦስት ዙር ዘዴ ለጀማሪ ይጠቅማል። በመጀመሪያው ዙር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለ ጊዜ ርእሱን፣ አጠቃሎውን፣ መግቢያውን፣ ንዑሳን ርእሶቹንና መደምደሚያውን ማየት ነው። በሁለተኛው ዙር ግራፎቹንና ዋና ዋና ነጥቦቹን መመርመር፣ በሦስተኛው ደግሞ ሥራውን ራሳችን እንደምንሠራው አድርገን እርምጃ በእርምጃ መከተል ነው። ብዙ ጽሑፎች ከመጀመሪያው ዙር አያልፉም፤ ማለፍም የለባቸውም።

የምናጣው ነገር

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። ከእያንዳንዱ ገጽ «ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ የሚነሣ አንባቢ በታሪኩ ፍሰት የመወሰድን ደስታ ሊያጣ ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ ሳለ ልብ ወለድ ከእጁ የማይለየው ወጣት በዩኒቨርሲቲ ከኮርስ ውጭ አንድም መጽሐፍ ሳይገልጥ ሲመረቅ እናያለን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በመሆኑም በገዛ ቋንቋው ማንበብ ይቀርና ያጠናውን ሳይንስ ለወላጆቹ በአማርኛ ማስረዳት የሚቸግረው ይኖራል። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ሕዝቡ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ የማይነገር ሳይንስ ከግቢው አጥር አይወጣምና።

ሌላው የስልክ ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ከወረቀት የሚያነቡ ሰዎች በስክሪን ከሚያነቡት በተሻለ ይረዳሉ። ልዩነቱ የጎላው መረጃ ሰጪ ጽሑፎች ላይና ጊዜ ሲገደብ ነው፤ በትረካ ላይ ግን አልታየም። ስለዚህ ልብ ወለዱን በስልክ፣ ከባዱን የፊዚክስ ምዕራፍ ከተቻለ በወረቀት ማንበብ ብልህነት ነው።

በአጠቃላይ ጥሩ አንባቢ ማለት አንድ ዓይነት አነባበብ የተካነ ሳይሆን ለየጽሑፉ የሚስማማውን መምረጥ የሚያውቅ ነው። መዝሙርን በቃል፣ የሒሳብ ማረጋገጫን በምልልስ፣ የምርምር ጽሑፍን በዙር፣ ልብ ወለድን በተመስጦ ማንበብ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለአማርኛ መጽሐፍ መተው ከጥናት የሚሰረቅ ጊዜ አይደለም።

አሁን መጽሔቱን እንዝጋና ካነበብነው የምናስታውሰውን በአምስት ዐረፍተ ነገር እንጻፍ። ከሳምንት በኋላም ወረቀቱን ሳናይ እንደገና እንሞክረው።