ከቀለሙ በፊት ግድግዳውን

ልጄ፣ መሠረት ማስወጣትህን ሰማሁ። እሰይ፣ የደስታ ቤት ያድርግልህ! ስለ ቀለሙ ብቻ ማውራትህ ግን አላማረኝም። አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለች ወበቃማ ከተማ ናት፤ እዚህ ግድግዳ ላይ ፀሐይ፣ ዝናብና ምስጥ ይፈራረቁበታል። ስለዚህ ስማኝ።

1. ቤት የሚታመመው ከእግሩ ነው። የድንጋይ መሠረቱን ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው። ሲቀላ ሰፈር ወርደህ የቆዩትን ቤቶች ተመልከት፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ እየተረጨ ልስኑን እስከ ጉልበት ድረስ ልጦታል። የጣሪያውንም ጠርዝ ወደ ውጭ አስረዝመው፣ አሸንዳም ግጠምለት። ቆርቆሮ ቆጥበህ ብታሳጥረው ዕዳውን ግድግዳው ይከፍላል።

2. እንጨት አፈር አይንካ። የዶርዜ አባቶች የቀርከሃ ቤታቸውን አስረዝመው ይሠሩታል፤ ምስጥ እግሩን እየበላ ከዓመት ዓመት ቢያጥርም ዘመን ይሻገራል። ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ያንተ ቤት ግን ተነሥቶ አይሄድም። በየወሩ ዙረህ እየው። ከጣት የቀጠነ የአፈር መስመር ግድግዳውን ይዞ ሲወጣ ካየህ በጥፍርህ ስበረው፤ ውስጡ ነጫጭ ምስጥ ሲተራመስ ታያለህ። ጠርገኸው እንዳትሄድ፤ ከየት እንደሚወጣ ሥሩን ቆፍረህ ፈልግ።

3. የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ አትለስን። ጎረቤትህ አድርጎታል፣ አውቃለሁ። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ማገሩን ያበሰብሰዋል። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡካው፣ ሳምንት ያህል ይሰንብት፣ ከዚያ ምረገው፤ ላዩን ኖራ ቀባው።

4. ብሎኬት ውሃ ይጠጣልና ራቁቱን አትተወው። ልስኑን ግን በጠራራ ፀሐይ አታስጀምር። በኛ ሙቀት ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። ግንበኛው «ይበቃዋል» ቢልህም ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው።

5. የቆርቆሮ ግድግዳ ለዕቃ ማስቀመጫ ይሁን። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ልጅ አይተኛበትም።

6. ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፤ በተለይ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በምዕራብ በኩል። በዚያው በኩል ማንጎ ትከል፤ ሥሩ መሠረቱን እንዳይገፋ ግን አርቀው።

ትልቁ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። ልስኑን በየካቲት ጨርሰህ ጥራኝ፤ መጥቼ አየዋለሁ።