ምዕራፍ 7፦ ጀልባ ላይ የሚቀርብ ቀዝቃዛ መጠጥ

ባሕር ዳር የሚሞቀው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከተማው ጥላ ፍለጋ ይውላል፤ ሰውም ወደ ጣና ያያል። ሐይቁ ላይ የወጣ ሰው ግን ሙቀቱን ቶሎ አያውቀውም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፣ ከውሃው ተንጸባርቃም ከታች ወደ ፊት ትመጣለች። ነፋሱ ላቡን እየተከተለ ያደርቀዋል። ላቡን ያላየ ሰው «ኧረ አልጠማኝም» ይላል፤ ዘጌ ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደውን የቡና ጫካ መንገድ ሲጀምር ነው ራሱን የሚያመው። ስለዚህ የጀልባ መጠጥ ሰው እስኪጠይቅ አይጠበቅም፤ ጉዞው እንደተጀመረ መቅረብ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጀልባውን እንደ ወጥ ቤት ቆጥሮ ነው። ሎሚው፣ ስኳሩ፣ ቢላዋው፣ ማጥለያው ሁሉ ተጭኖ ይመጣና ሞተሩ ሲነሣ፣ ጀልባው ሲዘም ስኳሩ ወለል ላይ ይፈስሳል፣ ቢላዋው ከእግር ሥር ይንከባለላል። ጀልባ ላይ መጠጥ ይቀዳል እንጂ አይዘጋጅም። መጭመቁም፣ ማጥለሉም፣ ማጣፈጡም ከዋዜማው ቤት ያልቅ። ሐይቁ ላይ የሚቀረው ማቅጠንና መቅዳት ብቻ ይሁን።

ሎሚውን እንውሰድ። ለዐሥር ሰው የሚሆን 6 ሊትር መጠጥ ለማግኘት 6 ሊትር መሸከም አያስፈልግም። 600 ግራም ስኳር በ600 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ያሟሙ፤ ሲቀዘቅዝ 1 ሊትር ያህል ይወጣዋል። ግማሽ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበት፤ ለዚህ የእኛ ትንሿ ሎሚ ጭማቂዋ ደህና ከሆነ ከ25 እስከ 30 ፍሬ ትበቃለች። አሁን 1 ሊትር ተኩል ወፍራም መጠጥ በእጅዎ አለ። ጀልባ ላይ አንድ እጅ ከእሱ፣ ሦስት እጅ ከቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን ልክ ይመጣል፤ የኩባያውን ሩብ በወፍራሙ ሞልቶ የቀረውን በውሃ ማድረስ ማለት ነው። ጣፋጭ የሚወዱት ይጨምራሉ፣ ስኳር የተከለከለባቸው ውሃውን ያበዛሉ። ሁሉንም በአንድ ልክ አጣፍጦ የመጣ ሰው ይህን ነጻነት አይሰጥም።

ሎሚውን ሲጨምቁ ግማሹን ፍሬ እስከ ልጣጩ ጨፍልቀው አይጥመዙት፤ ምሬቱ ያለው እዚያ ነው። ፍሬዋን ያጥልሉ፣ ምክንያቱም የሎሚ ፍሬ አድሮ ጭማቂውን ያመርረዋል። ሽታውን ማቆየት ከፈለጉ የሦስት የአራት ሎሚ አረንጓዴ ልጣጭ ብቻ፣ ነጩ ሳይነካ፣ በስሱ ፍቀው ከስኳሩ ጋር ይሹትና አንድ ሰዓት ያቆዩት። ስኳሩ ይረጥባል፤ የልጣጩን ዘይት ስቦ አውጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ውሃውን ያፍሱበትና ያጥልሉት። አንድ ቁንጥር ጨውም ይግባበት። ዘጌ ራሱ ከጥንት ጀምሮ የቡና፣ የጌሾና የሎሚ አገር ስለሆነ ሎሚ ቢያልቅብዎ እዚያው ሳያገኙ አይቀሩም።

ሌላው ጉዳይ ጾም ነው። የሙቀቱ ወራት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ከተጓዦቹ ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ይኖራሉ። ረመዳንም በዚያው ወቅት የሚውልባቸው ዓመታት አሉ። እየዞሩ «ትጾማለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ማሳፈር ነው፤ ኩባያውን ለሁሉ አድርሶ ያልወሰደውን መተው ይሻላል። ወተትና እርጎ ያለበት መጠጥ ጾም ባይሆንም አልመክርም፤ በሙቀት ሦስት ሰዓት ከቆየ ማንም ሊያምነው አይገባም። የጾም መጠጦቻችን ለጀልባ የተፈጠሩ ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ተልባ አንዱ ነው። ለስለስ አድርገው ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው ሲያጠልሉት አንጀት የሚያርስ መጠጥ ይሆናል። ጠባዩን ማወቅ ግን ይገባል፤ በቆየ ቁጥር እየወፈረ ይሄዳል። ጠዋት ልክ የነበረው ቀትር ላይ ከጆግ አልወርድ ይላል። ስለዚህ ቤት ሲያዘጋጁት ቀጠን ያድርጉት፣ ማርና ተጨማሪ ውሃ ለብቻ ይያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠጣውም እሱ ይሁን። በሙቀት ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ለመልስ ጉዞ አይቆይም።

ብርዝም እንዲሁ ጠባይ አለው። ማር በንጹሕ ውሃ ተበርዞ፣ ተጠልሎ ወዲያው ሲጠጣ ከሎሚ የማያንስ ነው። ሙቀት ላይ ካደረ ግን በማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ሥራ ይጀምራል። ጢም ብሎ በተሞላ፣ ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ሃይላንድ ከያዙት ጎኑ ይነፋል፤ ክዳኑ ሲነካ ፊን ብሎ ከጎን የተቀመጠውን ነጭ ነጠላ ቢጫ ያደርገዋል። በጉዞው ጠዋት ይበርዙት፣ ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ይተዉ፣ በረዶ ውስጥ ያስቀምጡት።

ለስላሳና አምቦ ውሃስ? ጋዝ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ከሞቀ ውሃ ግን መውጣት ይፈልጋል። ሞቆ፣ ማዕበል ሲያናውጠው የቆየ ጠርሙስ ሲከፈት ግማሹ ይፈስሳል። የግድ ካሉ ከበረዶው ሥር ይቅበሩት፣ ከመክፈትዎ በፊትም አሳርፈው ያቆዩት። ብርጭቆና ጠርሙስ በባዶ እግር ሰው ባለበት ጀልባ ላይ ባይመጣ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ በረዶው። ሁሉም ሰው በረዶ ያንሰዋል፣ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። 1 ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ 4 ሊትር ውሃን በ20 ዲግሪ ያህል ማቀዝቀዝ ይችላል። ከዚህ የምንረዳው መጠጡን ከፍሪጅ ቀዝቅዞ ያመጣ ሰው በረዶውን ለማቆያ ብቻ እንደሚጠቀምበት ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ይዞ የመጣ ግን ገና ዘጌ ሳይደርስ ይጨርሰዋል። በረዶው ደግሞ ትልልቅ ይሁን። የተከተከተ በረዶ ሙቀት የሚነካው ፊት ስለሚበዛ ቶሎ ያልቃል፣ አንድ ወጥ ድፍን ግን ይቆያል። የእኔ ምርጫ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በመቶ 9 ያህል ስለሚጨምር ከእያንዳንዱ አንድ ብርጭቆ ያህል ቀንሰው ፍሪዘር ውስጥ ያጋድሙት። ሲቀልጥ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ይሆናል፤ ሎሚውን የሚያቀጥኑትም በእሱ ነው። መብራት መጥፋቱ ስለማይቀር ሥራውን ከሁለት ሌሊት በፊት ይጀምሩ። ለዓሣ ማቆያ የተሠራ በረዶ ርካሽ ነው፤ ጠርሙሶቹን ከውጪ ለማቀዝቀዝ ይሁን እንጂ ኩባያ ውስጥ አይግባ። የሐይቁን ውሃ ራሱን፣ ኩባያ ለማለቅለቅ እንኳ፣ አይንኩት።

የበረዶ ሳጥን የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። በረዶ የያዙትን ሃይላንዶች ከመጠጡ ጋር መሃል አድርጎ በወፍራም ብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ከላይ እርጥብ ጆንያ ማልበስ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይበቃል። ከጆንያው የሚተነው ውሃ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህ እየረጠበ ይቆይ፤ ለዚህ የሐይቁ ውሃ ያገለግላል፣ የጠርሙሶቹን አፍ እንዳይነካ ብቻ። ዕቃው ሁሉ ከጀልባው መሃልና ከታች ይቀመጥ። ለዐሥር ሰው የሚሆን መጠጥና በረዶ ሃያ ኪሎን ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ ክብደት አንድ ጎን ላይ ከተከመረ ባለ ጀልባው ሲቆጣ ያገኙታል፣ እውነቱንም ነው።

ማቅረቡ የራሱ ሥርዓት አለው። ምድር ላይ ታላቅ ሲመጣ ብድግ እንላለን፣ «ኖር» እንላለን። ጀልባ ላይ ይህ ጨዋነት ይቅር፤ የሚቆም ሰው አይኑር፣ ቀጂውም ቢሆን። ቀጂው ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጥና ኩባያው በሰው እጅ ይተላለፍ። በዕድሜ ቅደም ተከተል ከዳር እስከ ዳር ማመላለስ እጅ ያጠላልፋል፤ እኔ የምጀምረው ከሹፌሩ ነው፣ ፀሐዩ ላይ የሚውለው እሱ ስለሆነ፤ ከዚያ በተቀመጡበት ተራ። ትልልቅ ሰዎችን ስንሳፈር ቀድመን ከሳጥኑ አጠገብ ካስቀመጥናቸው ወጉም ሳይጓደል ይቀራል። ኩባያ ከወገቡ ትንሽ አለፍ ብሎ ይሞላ፣ ለልጅ ግማሽ። ጆጉ ክዳን ይኑረው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኩባያ ተሰጥቶ በጆሮው ላይ የተለያየ ቀለም ክር ቢታሰር የማን እንደሆነ አያከራክርም፣ ሐይቁም በፕላስቲክ አይሞላም። እንቦጩ ሳያንሰው ባዶ ሃይላንድ የምንጨምርበት ምክንያት የለም፤ አንድ ባዶ ጆንያ ለቆሻሻ ይያዝ።

ጠላ፣ ጠጅና ቢራ ከመልስ በኋላ፣ ለየብስ። ለሹፌሩ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥ።

የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ጣፋጭና ጋዝ ያለው ነገር አይስጡት። ዝንጅብል ቀጥቅጠው አፍልተው ያቀዘቀዙት ውሃ፣ ስኳሩ ያነሰ፣ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጨ ዓይኑን ከሩቅ ዳርቻ ላይ ያሳርፍ። ብዙ ላብ ለፈሰሰው ወይም ላስመለሰው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ ማንኪያ፣ በጥብጠው ይስጡ። ጨው ከዚህ አይብለጥ።

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ይጠነክራል። በዚህ ሰዓት መቅዳቱን ያቁሙ፤ ውሃ የሚፈልግ በክዳን ከሚዘጋ ሃይላንድ ይጠጣ። ፊቱ በፀሐይ ሲጠበስ የዋለ ሰው ልብሱ በማዕበል ሲረጭ ድንገት ይበርደዋል። ከበረዶው ሳጥን ርቆ፣ ቆሞ እንዳይወድቅ በገመድ የታሰረ አንድ ፔርሙስ የዝንጅብል ሻይ ይኑር። ኩባያው ለሻይ ሲሆን ከሩቡ አይበልጥ።