ምስክሩ ሳይሳሳት

የዛሬው ትምህርታችን ቪኢጂኤፍ ስለሚባለው ፕሮቲን ነው። አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ትእዛዝ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ የካንሰር ዕጢም ደም ወደ ራሱ ለመሳብ ይጠቀምበታል።

መጠኑን በኤላይዛ ለመለካት ሁለት አንቲቦዲዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው 96 ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ላይ ተለጥፎ ፕሮቲኑን ይይዛል። ከታጠበ በኋላ ሁለተኛው በሌላ ጎኑ ይይዘዋል። በዚህኛው ላይ የሚታሰረው ኢንዛይም ፈሳሹን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ አሲድ ሲጨመር ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በደመቀ ቁጥር ፕሮቲኑ በዝቷል። ሁለት የሆኑት አንዱ በስህተት የያዘውን ሌላው እንዳያጸድቅ ነው። መድረሳ ስለ ሁለት ምስክር የተማረ ሰው ነገሩ አይከብደውም (እኔን የከበደኝ እጥበቱ ነው)።

ግን ምስክር ያየውን እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ደም ሲረጋ ፕላትሌቶች ያከማቹትን ቪኢጂኤፍ ይለቃሉ። ስለዚህ ከረጋ ደም የሚገኘው ሲረም ከፕላዝማ የበለጠ ያሳያል። የአንዱን ሰው ሲረም ከሌላው ፕላዝማ ጋር ካወዳደርን፣ አንቲቦዲው ሳይሳሳት እኛ የሌለ ልዩነት እንጽፋለን።

ላቦራቶሪ ስትገቡ አስቀድማችሁ የቱቦውን ክዳን እዩ። ቀይ ከሆነ ደሙ እንዲረጋ ነው፤ ወይን ጠጅ ከሆነ ኢዲቲኤ ስላለበት አይረጋም።