በክረምት ልብስ እንዴት ይደርቃል?

በመንዝና በግሼ ደጋ ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ልብስ ማጠቡን ይተወዋል። «ባጥበውስ የት ይደርቅልኛል?» ይላል። ነገሩ እውነት አለው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ዝናቡና ጉሙ ፋታ አይሰጥም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ብርዱም አለ። ባናና ዝተት ደግሞ የበግ ጠጉር ናቸው፤ የጠጡትን ውሃ ቶሎ አይለቁም።

ታዲያ ሳይታጠብ ቢከርም ምን አለበት? አለበት እንጂ! የልብስ ቅማል በስፌት ውስጥ ይኖራል፤ እዚያው ይፈለፍላል። ቅማል ሲበዛ ሁለት ክፉ በሽታዎች ይከተላሉ። እነሱም ተስቦና ግርሻ ናቸው።

ይህ እንዴት ታወቀ? ሻርል ኒኮል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ይሠራ ነበር። የተስቦ በሽተኞች ልብሳቸውን አውልቀውና ገላቸውን ታጥበው ሆስፒታል ሲገቡ በሽታው ወደ ሌላው እንደማይተላለፍ አየ። ልብሳቸውን የሚቀበሉና የሚያጥቡ ሠራተኞች ግን ይታመሙ ነበር። ስለዚህ ጠንቁ ያለው ልብሱ ላይ ነው አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 መርምሮ ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን አረጋገጠ።

እንግዲህ በክረምትም ማጠብ የግድ ነው። ለማድረቅ ዘዴውን እንወቅ።

እርጥብ ገብስ ተከምሮ ቢቀመጥ ይሻግታል፤ ሳስቶ ቢሰጣ ይደርቃል። ልብስም እንደዚያው ነው። ውሃው ከልብሱ ወጥቶ ወደ አየሩ ይገባል። አየሩ ውሃ ከጠገበ ግን ሌላ አይቀበልም። ስለዚህ ሙቀት ብቻውን አይበቃም፤ አየሩ መለዋወጥ አለበት።

1. ጥቂት ጥቂት እጠቡ። የቤተሰቡን ልብስ ሁሉ በአንድ ቀን አትንከሩ። ከገላ ጋር የሚነካካውን ልብስ አስቀድሙ፤ ቅማል የሚወደው እሱን ነው።

2. በጧት እጠቡ። በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው።

3. አጥብቃችሁ ጭመቁ። የጥጥ ልብስ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይጠምዝዘው። ባናን ግን አትጠምዝዙት፤ ቅርጹ ይበላሻል። ዘቅዘቅ ባለ ንጹሕ ድንጋይ ላይ ዘርግታችሁ በእጅ እየተጫናችሁ ውሃውን አንጠፍጥፉት።

4. በቤት ውስጥ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ገመድ ወጥሩ። ቦታው በበሩና በምድጃው መካከል ቢሆን ይመረጣል፤ ነፋስ የሚያልፈው በዚያ ነው። በልብስና በልብስ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉ።

5. ልብሱን ገልብጣችሁ ስቀሉ፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን። በየጊዜው አገላብጡት። ፀሐይ ብልጭ ካለች ወዲያው አውጥታችሁ አስጡ።

6. ከመልበሳችሁ በፊት ስፌቱንና ጠርዙን ዳስሱ። መጨረሻ የሚደርቀው እሱ ነው። እርጥብ ልብስ የገላን ሙቀት ይመጥጣል፤ ለሕፃንና ለሽማግሌ ይከፋል።

ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልብስ ከምድጃ በላይ አይሰቀልም። ቢወድቅ ቤት ያቃጥላል። ከእሳቱ ቢያንስ ሁለት ክንድ ይራቅ። ልብስ ይደርቃል ብሎ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ሰው ይገድላል። የከሰሉ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። እሳት ባለበት ሁሉ በር ይከፈት።

ማድረቅ ብቻውን ቅማል አይገድልም። የጥጥ ልብስ ሲታጠብ በፈላ ውሃ ይቀቀል፤ ቅማሉም ቅጫሙም ያልቃል። ባና ቢቀቀል ይኮማተራል። ተለዋጭ ያለው ሰው ባናውን ጠቅልሎ 2 ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይለብሰው ያስቀምጠው። ቅማል የሰው ደም ካላገኘ በረሃብ ይሞታል።

ቅማል በጥፍር አይደፍጠጥ! የግርሻ በሽታ የሚተላለፈው የተደፈጠጠው ቅማል ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ሲገባ ነው። የበሽተኛ ልብስም በእጅ አይነካ፤ በእንጨት አንስታችሁ በፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት።

ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ሰው፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆት ከቀናት በኋላ የተመለሰበት ሰው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሁለቱም በሽታዎች መድኃኒት አላቸው። ገመድ መወጠር፣ በር መክፈትና ልብስ ማገላበጥ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ከሆነ በኋላ ከመታከም ሳይሆን መጠበቅ ይሻላል።

ጥያቄዎች

1. ቤቱ ሞቆ በሩ ቢዘጋ ልብስ ለምን ቶሎ አይደርቅም?
2. በመጀመሪያ መታጠብ ያለበት የትኛው ልብስ ነው? ለምን?
3. ቅማልን በጥፍር መደፍጠጥ ምን ጉዳት አለው?
4. በቤታችሁ ገመድ ለመወጠር የሚመቸው የት ነው? ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩ።