ምንባብ፦ ዝሆኔና የባልንጀሮች እርዳታ

በክረምት ማለዳ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሰው ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይይዘዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ የተጫወተበትና ያረሰበት አፈር ስለ ሆነ አይፈራውም፤ ሲደርቅለት አራግፎት ይሄዳል። ሆኖም ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ እንዲህ ያለ አፈር በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ቅንጣቶች አሉት። ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ ሰርገው እየገቡ ለዓመታት ሲጠራቀሙ የሊምፍ ቧንቧ የተባሉትን ቀጫጭን የፈሳሽ መተላለፊያዎች ያስቆጣሉ፤ ውሎ አድሮም ይዘጓቸዋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይጠራቀምና እግሩን ያሳብጠዋል። ሕዝቡ በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል።

ዝሆኔ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በቆላ አገር በወባ ትንኝ ንክሻ ከሚተላለፍ እንደ ክር ከቀጠነ ትል የሚመጣ ዓይነት አለ። የደጋውና የወይና ደጋው ዓይነት ከአፈር የሚመጣ ሲሆን፣ የሕክምና ሰዎች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ይህን ስም ያወጡለትና በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ያስረዱት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ይተላለፋል ብሎ ይፈራል፤ አንዳንዱም እርግማን ነው ይላል። ለዚህ አባባል መነሻ የሆነው ነገር ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በአንድ መንደር አንድ ዓይነት አፈር ከሚረግጡት ሰዎች መካከል የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ በዘር ስለሚወረስም በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሕሙማን ሊገኙ ይችላሉ። ጎረቤት ይህን አይቶ «ዘራቸው ነው» ይላል፤ ከዚያም ጋብቻ ይቀራል፣ ቡና መጠራራት ይቀራል። ዝንባሌው ቢወረስ እንኳ ጫማ አዘውትሮ ያደረገና እግሩን በሚገባ የታጠበ ሰው ከበሽታው ሊድን እንደሚችል ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

በዚሁ አገር የሚኖር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይታሰብ። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ግራ እግሩ ከጣቶቹ ጀምሮ ካበጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እብጠቱ በራሱ ከባድ ቢሆንም አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመሙ ሲያገረሽ ነው። ያን ጊዜ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ንፍፊት ይወጣበታል፤ እግሩ ይቀላና እንደ ፍም ይግላል። ለቀናት መቆም አይችልም። ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ ደግሞ ከኋለኛው ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። የቆሰለው እግር ስለሚሸት አጠገቡ የነበረው ልጅ ወደ ፊት ተዛውሯል፤ ሌሎቹንም እናቶቻቸው «እንዳትጠጉት» ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል።

አንድ ቀን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ እግር ንጽሕና ለማስተማር ወደ ክፍሉ መጣች። ትምህርቱ ሲያበቃ ወደ ፊት የተዛወረው ልጅ ተከተላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«እትዬ፣ እግሩን ብነካው አይዘኝም?»

«አይዝህም» አለችው። ቀጥላም ወደ ባዶ እግሩ ተመለከተችና «አንተ መፍራት ያለብህ እርሱን ሳይሆን አብራችሁ የምትረግጡትን ጭቃ ነው» አለችው።

ልጁ በማግሥቱ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ይቅርታም አልጠየቀ፤ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ተቀመጠ።

የበሽታው ሕክምና ለመናገር ቀላል ነው። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በሚገባ በቀጠነ የበረኪና ውሃ ለጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ሐኪም ሲያዝ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማዘውተር ነው። በየቀኑ የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። ምንጩ ሩቅ በሆነበት መንደር የእግር መታጠቢያ ውሃ ከመጠጡና ከወጡ ውሃ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ውሃውን የምትቀዳውም ብዙውን ጊዜ እናት ናት። ሕመምተኛው ይህን ስለሚያውቅ «ዛሬ ይቅር፣ ነገ እታጠባለሁ» ይላል። ሦስት ቀን የታለፈ እግር ተሰነጣጥቆ ይቆስላል፤ በቁስሉም ሌላ የሚያመረቅዝ ተሕዋስ ይገባል።

ሦስት ባልንጀሮቹ ይህን በተረዱ ጊዜ ወደ ቤቱ ሄደው እናቱን «እማማ፣ የእርሱን ውሃ እኛ በተራ እንቀዳለን» አሏቸው። እናቱ እሺ ለማለት አመነቱ፤ የሰው ልጅ ማልፋት ነውር መስሎ ታያቸው። በመጨረሻ «እንግዲያው እራት ሳትቀምሱ አትሄዱም» ብለው ተስማሙ።

እርዳታው ሁሉ ግን አልሰመረም። ከልጆቹ አንዱ ጉልበተኛ ነበርና ባልንጀራውን በጀርባው አዝሎ በሰንደቅ ዓላማው ሥር አልፎ ወደ ክፍል አስገባው። ተማሪው ሁሉ ቆሞ ተመለከተ። የታዘለው ልጅ የዚያን ዕለት አንድም ቃል አልተናገረም፤ በማግሥቱም ከትምህርት ቀረ። በሌላ ጊዜ ገንዘብ አዋጥተው ከገበያ የገዙለት ጫማ ላበጠው እግሩ አልገባለትም። እግሩን ለክቶ በልኩ የሚሰፋ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ የተረዱት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነበር።

የጠቀመው ማንም ያላስተዋለው ነገር ሆነ። ልጆቹ ጠዋት ከቤታቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይወጡ ጀመር። በመንገድ ላይ እርሱ ሲያዘግም ያዘግማሉ፤ ሲያርፍ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስል ጎንበስ ይላሉ። እርሱም ያውቃል፤ እነርሱም ማወቁን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አይነጋገሩም። በወላይታ ከዚሁ በሽታ ያገገሙ ሰዎች ሌሎችን ሕሙማን እግራቸውን እንዲንከባከቡ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ሕመሙን ያየ ሰው ምን መናገር እንዳለበት ብቻ ሳይሆን መቼ ዝም ማለት እንዳለበትም ያውቃል። እነዚህ ልጆች ግን ሳይታመሙ ተማሩት።

እንክብካቤው በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ አይጥልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት የአንድ ዓመት ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። እንክብካቤው ወዲያው የተጀመረላቸው ሕሙማን በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲያገረሽባቸው፣ ቆይቶ እንዲጀመርላቸው በተደረጉት ላይ 23.9 ጊዜ አገርሽቷል። ቅናሹ ቀላል አይደለም፤ በየማገርሸቱ የሚያልፈውን የአልጋ ቀን ላሰበ ሰው በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን ነው። ነገር ግን የቀረውም ብዙ ነው። ለአንድ ሳምንት የሚጠይቅ ወዳጅ አይጠፋም፤ በአሥራ አምስተኛው ማገርሸት ላይ የሚገኝ ግን ጥቂት ነው።

በሰኔ፣ ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሕመሙ እንደገና አገረሸ። እናቱ በመደንገጥ አንዲት ጎረቤታቸውን ጠሩ፤ እርሷም የጋለውን እግር በምላጭ እንብጣው አለች። ልጆቹ በትሕትና ከለከሏት። ፋሻውን ፈቱ፤ ጋቢ አጣጥፈው በበርጩማ ላይ አነጠፉና እግሩን ከፍ አድርገው አኖሩለት፤ አንደኛው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ በፋኖስ ብርሃን ዙሪያውን ተቀምጠው የታሪክ ደብተራቸውን በተራ ጮክ ብለው አነበቡለት። ሊነጋጋ ሲል ያነብ የነበረው ልጅ እንቅልፍ ጥሎት ደብተሩ ከእጁ ወደቀ። ሕመምተኛው እግሩን ሳያንቀሳቅስ እጁን ዘርግቶ ደብተሩን አነሣና፣ ልጁ ካቆመበት ጀምሮ ለራሱ ማንበብ ቀጠለ።

የቃላት ፍች

ሰርጎ መግባት፦ ቀስ በቀስ ሳይታወቅ ወደ ውስጥ መዝለቅ
ንፍፊት፦ እግር ሲቆስል ወይም ሲታመም በብሽሽት የሚወጣ እብጠት
አገረሸ፦ ተሻለ ሲባል ተመልሶ ጸና
ማዝገም፦ በዝግታ መራመድ

ጥያቄዎች

1. ሕዝቡ ዝሆኔን በዘር የሚመጣ እርግማን ነው እንዲል ያደረገው ምንድን ነው?
2. ሕክምናውን ከባድ የሚያደርገው «በየቀኑ» የሚለው ቃል የሆነው ለምንድን ነው?
3. ልጁ በባልንጀራው ከታዘለ በኋላ ከትምህርት የቀረው ለምን ይመስላችኋል? እናንተ በቦታው ብትኖሩ ምን ታደርጉ ነበር? በአንድ አንቀጽ ጻፉ።